ድንጋይ እንደ አተኛኘቱ

እትዬ መሮ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታደርገው የወንድሟን ቤት ግድግዳ መዳበስ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። መንገዱን ትሻገርና ቀኝ መዳፏን ማዕዘኑ ድንጋይ ላይ አሳርፋ እስከ መስኮቱ ድረስ ትጎትተዋለች። መዳፏን ወደ ብርሃን ገልብጣ ታያለች። ከዚያ አፏን ወደ ድንጋዩ ጠጋ ታደርግና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ለሚያያት ሰው አቧራ እፍ የምትል ይመስላል። ይህን ሳታደርግ ሥራ ሄዳ አታውቅም። ዶፍ እየዘነበ አድርጋዋለች፤ ጉንፋን ይዟት ብርድ ልብስ ተከናንባ ወጥታም አድርጋዋለች።

ከታች ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤታችን፣ “እትዬ መሮ፣ ዛሬም ግድግዳውን ሳምሽው?” ይላታል።

“የምስመውንና የምነክሰውን አንተ በምን ትለያለህ?” ትለዋለች፤ ዳቦዋን ተቀብላ ትሄዳለች።

ድንጋይ ጠራቢ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ትከሻዋ ግን እንደ ጫኝና አውራጅ ትከሻ ሰፊ ነው። መዶሻ እየሳተ ደጋግሞ ስላገኘው የግራ እጇ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። መሮ የሚለው ቅጽል ስም የወጣላት በልጅነቷ ነው፤ እኩዮቿ አሻንጉሊት አቅፈው ሲተኙ እሷ የአባቷን መሮ ካላቀፈች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር ይባላል። እኔ እሷ ቤት ፎቅ ላይ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። የገባሁ ዕለት “እርስዎ” ብላት ፊቷን አኮሳተረችብኝ።

“እርስዎ ስባል የሞትኩ ይመስለኛል። አንቺ በይኝ። እትዬ ካልሽ ክብሩ ይበቃኛል።”

አንድ ቀን ደግሞ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። “ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ግጥም ነው አሉ።”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ግጥም አልፈልግም። በወንድሜ ላይ የያዝኩትን ቂም ጻፊልኝ። ሳትቀንሺ፣ ሳታሳምሪ።”

“ወንድምሽ ቢያነበውስ?” አልኳት ቀስ ብዬ።

“መነጽሩን እኔው አቀብለዋለሁ።”

ወሬዋን የጀመረችልኝ ግን ከወንድሟ ሳይሆን ከተራራው ነው። ጣሪያው ላይ ሆነን ከገመድ ልብስ እያወረድን ነበር። ከከተማው ማዶ ያለውን ተራራ በአገጯ አሳየችኝ።

“ያን ገራም ተራራ ታይዋለሽ? ዛሬ ፍየል ጀርባው ላይ ትንደላቀቃለች። ሰው ሳይፈጠር በፊት እሳት ይተፋ ነበር። ሲቆጣ አመዱን እዚህ ያራግፈዋል። ይበርድለታል፤ ይተኛል። ደግሞ ይነሳበታል፤ አመድ በአመድ ላይ። አንድ ቁጣ፣ አንድ ንብርብር። የላዩ የታቹን ተጭኖ ተጭኖ ድንጋይ አደረገው። እኛ የምንኖረው የተራራ ቁጣ ቆርጠን ቤት ሠርተንበት ነው።”

ከዚያ ሁለት ወንዞች መጥተው ድንጋዩን ግራና ቀኝ ቆረጡት፤ መሃል ላይ ምላስ የመሰለ አለት ቀረ። ጥንታዊቷ ከተማ ያለችው በዚህ ምላስ ላይ ነው። የድሮ ሰዎች የከተማውን ቅጥር በአንድ በኩል ብቻ ገንብተው የተዉት ለዚህ ነው፤ በቀረው በኩል ገደሉ ራሱ ዘበኛ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ ቀልጦ ወርዶ የረጋ ጥቁር አለት እንደ ድስት ክዳን ተደፍቷል፤ አሮጌው ግንብ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ከክዳኑ በታች ለመሮ የሚታዘዘው የአመድ ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ነው፤ ዝናቡ በድንጋዩ ሰርጎ ወርዶ ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣና በጎን በኩል ይወጣል። የከተማዋ ምንጮች በገመድ የተሰለፉ ይመስል በአንድ ከፍታ ላይ የሚፈልቁት፣ የታችኛው መንገድም በበጋ ሳይቀር ረጥቦ የሚያንሸራትተው በዚህ የተነሳ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከቤት እስከ ገበያ ስወርድ የተራራ ታሪክ የምረግጥ ይመስለኛል።

እትዬ መሮ ያጠፈቻቸውን አንሶላዎች አንዱን ባንዱ ላይ ደርድራ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያም ቁጭ አለችባቸው።

“አየሽ? ተኝተው ሲሸከሙ ምንም አይሆኑም።” ተነሳች። ያንኑ ክምር በጎኑ አቁማ ግድግዳ አስደገፈችው፤ ከፊት ያለው አንሶላ ወዲያው ተገልጦ ወደቀ፤ ቀጥሎ ያለውም ተከተለው። “ድንጋይም እንዲሁ ነው። መሬት ውስጥ እንደ ተኛ ግድግዳው ላይ ካስተኛሽው ከልጅ ልጅሽ ይተርፋል። ካቆምሽው ግን ውሃ በንብርብሩ መሃል ይገባል፤ ብርድ ያሳብጠዋል፤ ገጽ በገጽ ይላጣል። መጀመሪያ አቧራ፣ ከዚያ ቅርፊት፣ ከዚያ ገበታ የሚያህል ገጽ። ቀስ ብሎ ነው። እያየሽው ነው።”

“እያየሽው ነው” ስትል ድምፅዋ ጣፈጠ። ቂሟ ያለው እዚያ ውስጥ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ችግሩ የኛ ከተማ ድንጋይ ደቃቅ አመድ ስለሆነ፣ ተቆርጦ ሲወጣ እርጥብና አንድ ወጥ ይመስላል። ንብርብሩ የሚታየው ብዙ ዓመት ከደረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ካባው ውስጥ፣ ድንጋዩን ከእናት አለቱ የሚያላቅቀው ሰው በቀይ አፈር በራሰ ጨርቅ ወደ ሰማይ በሚያየው ገጽ ላይ አንድ ጭረት ይጥልበታል። ጠራቢም ግንበኛም ጭረቱን ወደ ላይ አድርጎ ይሠራል። በዚህ ሙያ የካባ ሰው የጣለውን ጭረት መጠራጠር እናትን እንደ መጠራጠር ነው፤ ማንም አያደርገውም።

በዚያ ዘመን ጭረቱን የሚጥለው የእትዬ መሮ አባት ነበር። ሁለት ልጆቹን፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ካባው ውስጥ ነው ያሳደጋቸው። ምሳ ሲበሉ የሚነግራቸው ወሬ ነበረው። አንድ ጌታ አንድ ግንበኛን በሰው ፊት አዋረደው። ግንበኛው ምንም አልመለሰም፤ የጌታውን ትልቅ በር ሠርቶ አስረከበ። ድንጋዮቹን ግን አቁሟቸው ነበር። ጌታው በሩ ሲላጥ እያየ አረጀ።

“እና ልጆቼ፣” ይል ነበር አባትየው እየሳቀ፣ “ጠራቢ ያስቀየመ ሰው በድንኳን ይኑር!”

ወንዱ ልጅ አብሮ ይስቃል። ሴቷ አትስቅም፤ ታኝካለች።

ሁለቱም ጠራቢ ሆኑ። እጁ የተባረከው የማን እንደሆነ ካባው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የጠራቢዎች ማኅበር ግን የሚመዘግበው ወንድ ብቻ ስለነበር እሷ የምትሠራው በወንድሟ ስም ነው። ይህ አላስከፋትም። የተመዘገበም ያልተመዘገበም የየራሱን ምልክት በሠራው ድንጋይ ላይ የመቅረጽ መብት ነበረውና፣ የሷ የወፍ እግር፣ ሦስት ጣት፣ ከብዙ ቤት ማዕዘን ላይ ይታይ ነበር። የወንድሟ ምልክት ክብ ነበረች።

ከዚያ ጎርፍ የድሮውን ድልድይ ቅስት ሰብሮ ወሰደው። ማኅበሩ እንደገና እንዲሠራው ለወንድሟ ሰጠው፤ ሥራው ካማረለት የማኅበሩ አለቃነት የሱ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ድንጋዮቹ ከሁለቱም ዳር ተነስተው መሃል ሊገናኙ ሲሉ ግን ቅስቱን የሚቆልፈው የመሃል ድንጋይ አልገጥም አለ። ወንድሟ ጠረበ፤ አልገጠመም። ሌላ ጠረበ፤ አልገጠመም። እትዬ መሮ ወንዙ ዳር ወርዳ ድልድዩን ከሥር ተመለከተችው። የግራው እግር የቆመው ከላይ በተንከባለለ ጥቁር አለት ላይ ነው፤ የቀኙ ለስላሳው ሸክላ ላይ ነውና ክብደቱ ሲበረታበት በጣም ጥቂት ሰጥሟል። ቀጥ ያለ ድንጋይ የተጣመመ ቦታ ውስጥ እየከተቱ ነበር።

“የተጣመመ ቦታ የተጣመመ ድንጋይ ይፈልጋል” አለችኝ። “የኔ ወንድም ራሱ ጠማማ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት እንደ ጠፋው!”

በአባቷ ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ በአንድ ጎኑ አንሶ፣ በሌላው ወፍሮ እንዲወጣ አድርጋ ጠረበችው። ሲያስገቡት እንደ ቡሽ ቁጭ አለ። ሠራተኛው አጨበጨበ። የወፍ እግሯን ከግርጌው ቀረጸች። ቤቷ ገብታ እንደ ሬሳ ተኛች።

በነጋታው ሕዝቡ ድልድዩን ሊመርቅ ሲወርድ እሷም ወረደች። በመሃል ድንጋዩ ላይ ያለችው ክብ ናት። የወፍ እግሩ ተፍቋል። ግን ተቸኩሎ ስለ ተፋቀ ከክቡ ሥር አንዲት ጣት ቀርታለች፤ ዛሬም አለች፣ ሄዳችሁ እዩ።

“ወንድም ጋሼ፣ ምንድነው ያደረግኸው?” አለችው፣ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብላ።

“ሴት በቆለፈችው ድልድይ ላይ ማን ይሻገራል፣ እህት ዓለም? ለድልድዩ ብዬ ነው።”

“ለድልድዩ?”

“በኋላ እንነጋገራለን። ሰው እያየን ነው፤ ፈገግ በይ።”

አባቷ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። ዞራ አየችው። አባቷ ጫማውን ተመለከተ፤ የካባ አፈር ያልተራገፈለት ጫማ ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ፣ “ተይው፣ ልጄ። ወንድምሽ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም” አላት።

“ዝም አልኩ” አለችኝ እትዬ መሮ። “ዝንቡ ግን አፌን ትቶ ሆዴ ውስጥ ገባ።”

ወንድሟ አለቃ ሆነ። ዛሬም ሰፈሩ “አለቃ” ነው የሚለው። ከተሾመ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳቡ ለማዕረጉ የሚመጥን ቤት መሥራት ነበር። አባታቸው ባለበት እህቱን ጠራት።

“ግድግዳውን ካንቺ እጅ በቀር ለማንም አላምንም፣ እህት ዓለም። ያለፈው አለፈ። ትሠሪልኛለሽ?”

“ደስ ይለኛል፣ ወንድም ጋሼ” አለች። ፈገግም አለች።

ወንድሟ ሲወጣ አባቷ ዓይኑን ከፊቷ ላይ አላነሳም።

“ምን ያስቅሻል?”

“ደስ ብሎኝ ነዋ፣ አባዬ።”

“ስትቆጪ ፈርቼሽ አላውቅም” አለ ሽማግሌው። “ስትስቂ ነው የምፈራሽ።” ትንሽ ቆይቶም፣ “ድንጋዩን እኔ ራሴ እመርጥለታለሁ” አላት።

እንዳለውም ድንጋዩን መረጠ፤ ቀይ ጭረቱን ጣለበት፤ ላከላት። እሷም አንድ በአንድ አዞረችው። ወደ ላይ ማየት የነበረበትን ጭረት ወደ ግድግዳው ሆድ አዙራ፣ በኖራ ደፍና፣ ድንጋዩን ሁሉ አቆመችው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድም አላስተረፈችም። እያንዳንዱን ስታቆም በሆዷ፣ “ይህ ለጣቴ፣ ይህ ለወፌ፣ ይህ ለፈገግታዬ” ትል ነበር። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ እንደ ሙሽራ ያማረ ነው። እሷ ግን ያየችው ሬሳውን ነው።

ቤቱ ክዳን ሲለብስ አባትየው እያዘገመ መጣ። መዳፉን ማዕዘኑ ድንጋይ ላይ አሳርፎ እስከ መስኮቱ ድረስ ጎተተው።

“ጥሩ አስተኝተሻቸዋል” አላት።

ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ዕድሜ ልኩን ከድንጋይ ጋር የኖረ ሰው እንኳ አልነቃባትም!

“እንግዲህ አንቺም ተኚ” ብሏት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ታመመና ሞተ።

ከዚያ በኋላ እትዬ መሮ መጠበቅ ጀመረች። ከፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቤት የገዛችው ለዚሁ ነው፤ የሚላጠውን ግድግዳ ከአልጋዋ ሆና እንድታየው። ጋብቻ መጥቶላት ነበር፤ ሰውየው ሌላ ሰፈር ስለሚኖር እምቢ አለችው። ከገደሉ ሥር እርጥብ ነፋስ ሲነሳ መስኮቷን ከፍታ፣ “ግፋ! ግፋ!” ትለዋለች፣ በሬ እንደሚነዳ ሰው። ወንድሟ ግድግዳውን ሊለስነው ሲያስብ፣ “ተው፣ ወንድም ጋሼ፣ ድንጋይ መተንፈስ አለበት” አለችው፤ ምክሩ እውነት ነው፤ እሷ የሰጠችው ግን ውሃው እንዲገባለት ነው። አንዴ ደግሞ እሱ ለዘመድ ጥየቃ ሲሄድ መሰላል ይዛ ወጥታ አሸንዳውን አላቀቀችው፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃው በግድግዳው ላይ ተንዠቀዠቀ።

ግድግዳው ምንም አልሆነም።

በየጠዋቱ መዳፏን ትጎትታለች፤ በየጠዋቱ መዳፏ ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ዝናቡን አማች። “ዘንድሮ ቀጥኖብኛል” ትላለች። ቀጥሎ ብርዱን አማች፤ “እንደ ድሮው አይነክስም።” ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ ራሷን አጽናናች። በዙሪያው በሌሎች ግንበኞች ግዴለሽነት የተሠሩ ቤቶች ተላጡ፤ የዳቦ ቤቱ መቃን ሳይቀር ቅርፊቱን ጣለ። የአለቃ ቤት ቆመ። ሰው ይህን አይቶ ሥራ ይዞ ወደ እትዬ መሮ ይመጣ ጀመር። በክፋቷ ስም ወጣላት።

ከሁሉ የከፋው ምርቃቱ ነበር። አለቃ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ እሷን ካየ እጁን ያነሳል። “ከተማው ሲረግፍ የኔ ቤት ጥርሱ እንኳ አልተነቃነቀም! እጅሽ ይባረክ፣ እህት ዓለም!”

“አሜን” ትላለች። “ጥፍሬ መዳፌ ውስጥ እየገባ አሜን እል ነበር” አለችኝ።

ዘመን አለፈ። ሁለቱም አረጁ፤ የአለቃ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይኑም ደከመ። ባለፈው ዓመት ብርሃን እንዲገባለት መስኮቱን እንድታሰፋለት ለመናት። መሮዋን ይዛ ሄደች። ከመስኮቱ ጎን የመጀመሪያውን ድንጋይ ነቅላ አወጣች። ቀዩ ጭረት ባስቀመጠችው ቦታ፣ በሆዱ በኩል፣ ትናንት እንደ ተጣለ ደምቆ አለ። ድንጋዩን ከፍላ ሌላ ቦታ ልትጠቀምበት ሽብልቅ ሰካችበትና መታችው። እንደ ቆመ ድንጋይ፣ እንደ በር፣ መከፈት ነበረበት። አልተከፈተም። ሽብልቁን በሌላው ጎን ሰክታ ስትመታው ግን፣ ትር ብሎ፣ እንደ ተኛ የአንሶላ ክምር ከላይና ከታች ተለያየ።

ድንጋዩ ተኝቶ ኖሯል።

ሌላ ነቀለች። እሱም ተኝቷል። ሦስተኛውንም። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ጭረቱን የጣለው ወደ ሰማይ በሚያየው ገጽ ላይ ሳይሆን በድንጋዩ ጎን ላይ ነበር፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ። እንደምታዞረው ያውቅ ነበር። እሷ ልታቆመው ስታዞረው እያስተኛችው ነበር።

“አባዬ!” ብላ ጮኸች።

“አባዬ ምን?” አለ አለቃ ከውስጥ። “ምን ወደቀብሽ?”

“ምንም። ድንጋይ።”

“አባቴ ሁለቴ ነው የሸጠኝ” አለችኝ እትዬ መሮ እዚህ ላይ ስትደርስ። “አንዴ ጫማውን እያየ። አንዴ በቀይ አፈር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ይፈርስ ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ የጠበቅሁት አባቴ የሠራውን ነው! ልጁን ከኔ አዳነ። እኔን ከማን አዳነኝ?”



ያኔ ግን ግድግዳው ገና ክፍት ነበር። ለሰፋው መስኮት ከላዩ የሚጋደም አዲስ ጉበን ያስፈልግ ነበር፤ አለቃ ወንበሩን የሚያስቀምጠው ከዚያው ሥር ነው። ድንጋዩ ከካባ መጣላት። የማንንም ጭረት ላለማመን ምላ ነበርና ውሃ አፈሰሰችበት፤ ሲደርቅ ውሃው በየትኛው መስመር እንደሚዘገይ እያየች አተኛኘቱን ራሷ ለየች። አሁን የሚያታልላት የለም። ብታቆመው ፊቱ ተልጦ በወንድሟ አናት ላይ ይወርዳል። እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆመች።

በዚያው ሰዓት አለቃ ሻይ ይዞላት ወጣ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ እያለፈ ነበር፤ ሁለት ወጣት ጠራቢዎችም ጉበኑን ለማንሳት ሊያግዟት መጥተው ቆመዋል።

“አለቃ፣ እስቲ የድልድዩን ነገር ለነዚህ ልጆች ንገራቸው” አለ ዳቦ ጋጋሪው።

አለቃ የሚለመን ሰው አይደለም። ቅስቱ እምቢ እንዳለ፣ ወንዝ ዳር ወርዶ ከሥር እንዳየው፣ አንዱ ዳር መስጠሙን በዓይኑ እንደ ለካ ተረከ። እትዬ መሮ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰማለች። የራሷን ዓይን፣ የራሷን ወንዝ ዳር ነው የሚተርከው።

“ይህች እህቴ ያኔ ጉብል ነበረች” አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ እንኳ ርኅራኄ ነበረው። “ስጠርብ ውሃ ታቀብለኝ ነበር። አይደል፣ እህት ዓለም?”

“አዎ፣ ወንድም ጋሼ” አለች። “ውሃ አቀብልህ ነበር።”

መሮዋን አነሳች። በጉበኑ ፊት፣ መሃል ላይ፣ ከመንገድ ማዶ በሚታይ መጠን፣ የወፍ እግር መቅረጽ ጀመረች። አንድ ጣት። ሁለተኛ ጣት። ሦስተኛውን ስትጀምር አንድ ነገር ገባት፤ ይህን ስትነግረኝ እንደ ልጅ ሳቀች። ድንጋዩን ካቆመችው ወንድሟ ላይ ይላጣል፤ ግን መጀመሪያ የሚላጠው ወፏ ያለችበት ገጽ ነው። ወፏ እንድትኖር ድንጋዩ መተኛት አለበት። አንዱን መምረጥ ነበረባት።

“የሱን ራስ ለሱ ተውኩለት” አለችኝ። “ወፌን ለሁለተኛ ጊዜ አላስፍቅም።”

ጉበኑን አስተኝታ ገነባችው። ወጣቶቹ ከመሰላሉ ሲወርዱ አለቃ ዓይኑን አጥብቦ ቀና አለ።

“ይህ ምንድነው?”

“ምልክቴ።”

“እኔ ቤት ላይ?”

“የሠራ ምልክቱን ያኖራል። ሕጉን ስታስተምር የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ?”

“ሰው ምን ይላል? ፍቂው!”

መሮውንና መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። “ያውልህ። ፍቀው። ልምዱ አለህ።”

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃ መሮውን ያዘ። መሮው ከእጁ አምልጦ የመንገዱ ድንጋይ ላይ ወደቀና ጮኸ። ማንም አላነሳለትም።

“ቆይ ቆይ” አለ ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን እያከከ። “ይቺን የወፍ ጣት የሆነ ቦታ አይቻታለሁ። ድልድዩ ላይ... ከክቡ ሥር...”

“አንተ ዳቦህ እያረረ ነው” አለችው እትዬ መሮ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጣት ጠራቢዎች ድልድዩን ሲሻገሩ አጎንብሰው የመሃሉን ድንጋይ ሲያዩ አይቻለሁ። የሚሳደብ የለም፤ አለቃን ሁሉም ያከብረዋል። ግን በደጁ ያለፈ ሁሉ ጉበኑን ቀና ብሎ ያይና፣ “አለቃ፣ ይህ የማን ምልክት ነው?” ይለዋል። መልስ መስጠት አለበት። “የእህቴ” ይላል። “ድልድዩ ላይ ያለችውስ ጣት?” ሲሉት ወንበሩን ይዞ ይገባል። አሁን አሁን ደጅ መቀመጥ ትቷል። ሰፋ ባለው መስኮት ብርሃኑ ይገባል፤ እሱ ግን መጋረጃውን ዘግቶ ነው የሚውለው።

“አንጀቴ ቅቤ ጠጣ” ትላለች እትዬ መሮ። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህንንም ጻፊ። እንዳዘነልኝ አድርገሽ እንዳትጽፊ፤ እኔም እንዳዘንኩለት። አልታረቅንም። አንታረቅም።”

ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ያልገባኝን ነገር ጠየቅኋት፤ ግድግዳው እንደማይላጥ ካወቀች ወዲያ ለምን አሁንም በየጠዋቱ እንደምትዳብሰው።

ፊቷን ወደ ተራራው መለሰች። ጥፍር የሌለውን አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ያዘችው። ነገረችኝ፤ ከዚያ ክንዴን ጨብጣ፣ “ይቺን ግን አትጻፊያት” አለችኝ። “ሌላውን ሁሉ እንደ ፈለግሽ። ይቺን ተያት።”

አፏን ወደ ድንጋዩ ስታስጠጋ እፍ የምትለው አቧራ የለም። “እንዴት አደርክ፣ አባዬ?” ነው የምትለው። “ዛሬም አልተላጠም።”